ብቻውን የተነፋ ዋሽንት

ዋሽንት የሚለካው በሜትር አይደለም፤ በሠሪው ክንድና በሠሪው ጣት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ጤፉ ወርቅ መስሎ በሚታይበት ወቅት፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ ሲመጣ ርዝመቱን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ይለካዋል። ከዚያም ብረት አግሎ አራት ቀዳዳ ይበሳል፤ በአንዱና በሌላው ቀዳዳ መካከል የሚኖረውን ርቀት የሚወስንለትም የጣቱ ውፍረት ነው። ከዚህ የተነሣ በዚያ ሀገር ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ዋሽንቶች አይገኙም፤ ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት እጆች አይገኙምና። ልጁ ብቻውን እስከ ነፋ ድረስ ይህ ሁሉ ችግር አይሆንበትም። ላሞቹ አያርሙትም፤ ገደሉም የሰማውን ያንኑ መልሶ ከማስተጋባት በቀር ሌላ አስተያየት የለውም። ችግሩ የሚጀመረው ሁለት እረኞች ዋሽንታቸውን ይዘው በአንድ መስክ ላይ የተገናኙ ዕለት ነው።

የኦርኬስትራ ታሪክ የሚጀመረውም ከዚያው ዕለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦርኬስትራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የለበሰና የተሰለፈ ጓድ፣ የሚያብረቀርቅ ነሐስ፣ በትር የያዘ መሪ ነው። ይህ ግን ልብሱ እንጂ ነገሩ አይደለም። ነገሩ፣ የየራሱ ድምፅ ያላቸው ሰዎች አንድ መለኪያ ይኑረን ብለው የሚስማሙበት ስምምነት ነው። የዚያን መለኪያ ነገር፣ ማን እንደሚያወጣውና ማን ዋጋውን እንደሚከፍል፣ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የተነሡ የሁለት ልጆች ሕይወት ከብዙ መጻሕፍት አብልጦ ያስረዳል።

ሁለቱ ልጆች የተገናኙት በ1960ዎቹ ማለቂያ ላይ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች አልነበሩም፤ አጥር የሚያዋስኑ ጎረቤታሞች ነበሩ። ታናሹ ታላቁን በሀገሩ ልማድ «አያ» ይለዋል። ሁለቱም ዋሽንት ይነፋሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ዋሽንት ከሁሉ የሚበልጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን ከዋርካ ሥር ተቀምጠው አንድ የሠርግ ዜማ አብረው ሊነፉ ሞከሩ። ዜማው አንድ ነበረ፤ ድምፁ ግን እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ተናቆረ። የታናሹ ይቀጥናል፤ የታላቁ ይወፍራል።

«አያ፣ ያንተ ዋሽንት ነው የተበላሸው» አለ ታናሹ።

«የኔም ደኅና ነው፤ ያንተም ደኅና ነው። የሚበላሸው አንድ ላይ ሲሆን ነው» አለ ታላቁ።

በማግሥቱ ታላቁ ረዥም ሸምበቆ ቆርጦ መጣና ከአንዱ ዘንግ ሁለት ዋሽንት አወጣ። ሁለቱንም የለካው በራሱ ክንድና በራሱ ጣት ነበረ። ስለዚህም ዋሽንቶቹ ተስማሙ፤ የታናሹ ጣቶች ግን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ለመድረስ ተለጥጠው ሰነበቱ። ሌሊት ሌሊት እጁን ይጠዘጥዘው ነበር። ቢሆንም አላማረረም። ከሁለት ዋሽንት የሚወጣው አንድ ድምፅ፣ ብቻውን ሲነፋ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ነበርና፣ የጣቱን ሕመም እንደ ተገቢ ግብር ቆጠረው።

ብቻን መሥራትና በኅብረት ማሰማት ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ከጉባኤው ርቆ፣ ከቁጥቋጦ ጥላ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሲመሽ ግን የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል ወይም ያፈርስበታል። ቆጠራው የብቻ ነው፤ ነገራው የጉባኤ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሞላም። በማኅሌትም እንዲሁ አንዱ መሪ ያነሣል፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ይቀበሉታል፤ ጽናጽሉም ከበሮውም መቋሚያውም ለአንድ ምት ይገዛሉ። የዓለማዊውን ሙዚቃ እንይ ቢባልም፣ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል በመኳንንት አጀብና በሠርግ ይነፋ የነበረው እምቢልታ አለ። አንድ እምቢልታ ብቻውን ቢነፋ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ሰጥቶ ያበቃል፤ ዜማ አይወጣውም። ዜማው የሚወለደው ሦስት ሰዎች ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ሲነፉ ነው። ዋሽንት ብቻውን ሙሉ ነገር ይናገራል፤ እምቢልታ ግን ያለ ባልንጀራው ዲዳ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁለቱንም መሣሪያ ሠርቶ በአንድነት ማኖሩ፣ ሁለቱንም እውነት ማወቁን ያመለክታል።

የልጆች ኦርኬስትራ በኢትዮጵያ ምድር በይፋ የታየበት ታሪክ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት ይሰሙ እንደ ነበረ ይታወቃል። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በዚያም በአርመን ገዳም የሚኖሩ ልጆች በሙዚቃ ጓድ ተቀበሏቸው። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ፣ እናትና አባት የሌላቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪም ልጆቹን ከገዳሙ ጠይቀው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ቁጥራቸው 40 ስለ ነበረ ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ እስከ ዛሬም የሚታወሱት በዚህ ስም ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ።

የእነዚህ ልጆች ነገር ለጎጃም የሚቀርብበት ምክንያት አለ። ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሕዝብ መዝሙር እንዲዘጋጅ በተፈለገ ጊዜ ዜማውን የደረሰው ናልባንዲያን ሲሆን፣ ቃሉን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ በቅኔ ቤት ያደገ፣ በኋላም ከአማርኛ ትያትር መሥራቾች እንደ አንዱ የሚቆጠር ባለቅኔ ነው። ደብረ ኤልያስ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ብዙ የማይርቅ የቅኔ ደብር ነው። መዝሙሩ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ደርግ ዘመን መጀመሪያም አገለገለ። እንግዲህ ሀገራቸው ከእጃቸው የወጣ ልጆች መምህር ዜማውን ሰጠ፤ ከቤቱ ወጥቶ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ የጎጃም ልጅ ደግሞ ቃሉን ሰጠ። የነሐሱ መለኪያና የቅኔው መለኪያ የተገናኙት በዚህ ነበር።

አርባዎቹ ልጆች ጥቂት ዓመታት አገልግለው ተበተኑ። ትተውት የሄዱት ልማድ ግን አልተበተነም። ናልባንዲያን እዚያው ቀርቶ አስተማረ፤ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያንም በኋለኞቹ ዓመታት በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ብዙ ሙዚቀኞች አፈራ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም ተከታትለው ጎለበቱ። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ መለኪያው አስቀድሞ በፋብሪካ የተወሰነ ነበር። ጥሩምባ የተሠራው በነፊው ክንድ አይደለም። ሸምበቆ ለቅሞ የራሱን ድምፅ የሚሠራው እረኛ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

ስፍራ ሊሰጠው የሞከረው ሌላ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል፣ በግብፅ ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ኋላም ተስፋዬ ለማ በመሪነት ለብዙ ዓመታት ደከመበት። ሐሳቡ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር፤ ምክንያቱም መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ የየራሳቸው ቤት፣ የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። መሲንቆ የአዝማሪ፣ ዋሽንት የእረኛ፣ በገና የጾምና የጸሎት ነው። እነዚህን በአንድ መድረክ አስቀምጦ አብረው እንዲሰሙ ማድረግ ባላገሩንም ከተሜውንም ያስገረመ ሥራ ነበር። ጌታመሳይ አበበ በመሲንቆ፣ ዮሐንስ አፈወርቅና መላኩ ገላው በዋሽንት የታወቁት በዚህ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በየከተማው ሲጫወት፣ ስሙን በዓባይ ወንዝ ሰይሞ ነበር። የዓባይ ምንጭ የሚገኘው በሰከላ ነው፤ ሰከላም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በላይ ያለው ደጋ ነው። ያ ስም በውቅያኖስ ማዶ አዳራሾች ሲጠራ፣ ከምንጩ በታች ባለው መስክ የሚነፉት እረኞች ወሬውንም አልሰሙም።

በባህል ኦርኬስትራ ውስጥ ዋሽንት ጠባየ ግትር መሣሪያ ነው። መሲንቆ ካንድ ጭራ ጅማቱ በቀር ሌላ ስለሌለው ጆሮውን ጠምዝዞ ወደ ተፈለገው ድምፅ ይሄዳል። ክራርም ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ በየቅኝቱ ይቃኛል። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ፤ አይወጠርም፣ አይላላም። ስለዚህ የሠለጠነ ዋሽንት ነፊ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች በኮሮጆ ይዞ ይዞራል፤ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ድምፅ የሚስማማውንም ይመርጣል። አንድ ዋሽንት ብቻ ያለው ሰው ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፣ ወይ እሱ ዝም ይላል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኪነት ቡድን ያልተቋቋመበት አካባቢ አልነበረም ማለት ይቻላል። በክፍለ ሀገር ደረጃ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ስማቸው ገነነ፤ ከእነርሱም በታች አውራጃውም ወረዳውም ቀበሌውም የየራሱን የወጣቶች ኪነት አደራጀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ደግሞ ወጣቱን በየቀበሌው ሰበሰበው። ሁለቱ ጎረቤታሞችም ጥንድ ዋሽንታቸውን ይዘው ወደ አንድ የቀበሌ ኪነት ገቡ።

የታናሹ አባት ነገሩን አልወደዱትም። «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው?» ብለው ሁለት ሌሊት ሳይተኙ አደሩ። በዘመናት ልማድ አዝማሪ ሠርግ ያደምቃል፤ ልጅ ግን አይዳርለትም። ኪነቱ ከሠራው መልካም ሥራ አንዱ ይህን ንቀት ማላላቱ ነው። የገበሬ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅና የቄስ ልጅ በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ፤ ልጃገረዶችም በአደባባይ ዘፈኑ። መሲንቆ ይዞ የተነሣ ወጣት ከሸንጎ አልተባረረም፤ ተጨበጨበለት።

ልምምዱ የሚካሄደው በቆርቆሮ በተከደነ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ልጆቹ «ጋሼ» የሚሉት አሠልጣኝ አስተማሪ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ዋሽንቶቹ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ከመሲንቆው ጋር አልተስማሙም። መሲንቆ መቺው ሳቅ ብሎ ጆሮውን ጠመዘዘና ወደ ዋሽንቶቹ መጣ። ባለ ክራሩም ተከተለ። ሁሉም ደስ አላቸው። ዘፋኟ ልጅ አፏን ስትከፍት ግን ድምፅዋ ከዚያ ቅኝት ጋር አልደረሰም፤ ጎሮሮዋ ተሰነጠቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት አልችልም» አለች።

አሠልጣኙም ሁለቱን ዋሽንት ነፊዎች ተመልክተው፣ ሸምበቆ የሰው ጉሮሮ እንዳልሆነ፣ ሰውን ቆርጦ ማሳጠር እንደማይቻል፣ ሸምበቆ ግን ሞልቶ እንደ ተረፈ አስረዷቸው። ልጆቹ በሳምንቱ ለእሷ ድምፅ የሚሆን ሌላ ጥንድ ዋሽንት ሠርተው መጡ። ታላቁ ይህንንም በራሱ ጣት ለካ፤ ግን አጭር ስለ ነበረ የታናሹ ጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለጠጡ ደረሱ። አሮጌውን ጥንድ ግን አልጣሉትም። ከልምምድ በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ የሚነፉት እሱን ነበር።

ኪነቱ የሰጠውን ያህል የወሰደውም ነበረ። ዜማው ከታች፣ ከሕዝቡ ይነሣል፤ ግጥሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ተጽፎ ይመጣል። ከዋርካ ሥር የተነፋው ያ የሠርግ ዜማ ለአንድ ዘመቻ መፈክር ተሰጠ። ዜማው ዘመቻውን አላወቀውም፤ ዘመቻውም ዜማውን አላወቀውም። አንድ የገበያ ቀን ቡድኑ ቡሬ ሄዶ ሲጫወት የታናሹ እናት ቅቤ ሊሸጡ መጥተው ቆመው ሰሙ። ማታ ቤት ሲገባ፣ ዜማው እሳቸው የተዳሩበት መሆኑን፣ ቃሉ ግን እንዳልገባቸው፣ ልጃቸው በመድረክ ላይ ሲቆም ግን ረዥም መስሎ እንደ ታያቸው ነገሩት። ሦስቱንም ያሉት በአንድ ትንፋሽ ነበርና የትኛው ምስጋና የትኛው ወቀሳ እንደ ነበረ ለማወቅ አልቻለም።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። በዓመቱ ታላቁ ተመለመለ። በኪነት ውስጥ መሆኑ ያስቀረዋል ብለው ያሰቡ ነበሩ፤ አላስቀረውም። ኪነቱ ደግሞ ምልምሎችን የመሸኘት ግዴታ ነበረበት። በሽኝቱ ዕለት ሕዝቡ በሜዳው ዙሪያ ቆሞ፣ እናቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ምልምሎቹ በሰልፍ ተሰልፈው ሳለ፣ ቡድኑ ሽለላውን ጀመረ። በዚያ ሽለላ ውስጥ አንደኛው ዋሽንት ሲያቆም ሁለተኛው የሚገባበት ስፍራ ነበረ። ታናሹ እዚያ ስፍራ ሲደርስ እንደ ልማዱ አቆመ። ሁለተኛው ዋሽንት አልገባም፤ ነፊው በሰልፉ ውስጥ ነበረ። ከበሮው ምቱን ቀጠለ፤ መሲንቆውም ባዶውን ስፍራ ሞላው። ከሕዝቡ መካከል የጎደለ ነገር መኖሩን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከሰልፉ መካከል ግን አንድ ሰው አውቋል።

ታላቁ መኪናው ላይ ከመሳፈሩ በፊት ከአሮጌው ጥንድ የራሱን ዋሽንት ከጉያው አውጥቶ አሳየው፤ ይዞት መሄዱ ነበር። የታናሹ እንዲቀመጥ፣ ሲመለስ ሌላ አዲስ ጥንድ መሥራት ሳያስፈልግ በዚሁ እንዲቀጥሉ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው አልመጣም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለትም፤ እናቱም ድንኳን ሳይተክሉ፣ ተዝካር ሳያወጡ፣ በየዓመቱ ለበዓል አንድ ቦታ ከማዕዱ እያስቀሩ ኖሩ።

በየካቲት 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ጎጃም ደረሰ፤ በግንቦትም መንግሥቱ ወደቀ። የቀበሌ ኪነቶችም አብረው ወደቁ። የወደቀባቸው ማንም በግልጽ ዘግቷቸው አይደለም፤ የሚጠራቸው ስለ ጠፋ ነው። መሣሪያዎቹ በአንድ መጋዘን ተቆለፉ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ በሩ ሲከፈት የመሲንቆዎቹንና የከበሮዎቹን ቆዳ አይጥ በልቶት፣ ክራሮቹ ያለ ጅማት ቀርተው ተገኙ። በዚያ መድረክ ላይ ያደገው ወጣት ሁሉ የየራሱን ኑሮ ያዘ። ጥቂቶቹ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሙያው ገፉበት። ታናሹ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ በርበሬና በቆሎ አመረተ፤ ልጆች ወለደ። ዋሽንቱን በቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጢሱ አጠቆረው።

የወጣቶች ኪነት ያንን ሁሉ ድካም ጠይቆ ምን ተወ? ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን ኪነቱ የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ከመሆን አላለፈም ይላል፤ ሌላው ወገን ለገጠሩ ወጣት መድረክ የሰጠ ብቸኛው ድርጅት ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የቀበሌ ኪነት ልጆችን ያሰባሰበው ለራሱ ዓላማ ነው፤ ልጆቹ ግን በዚያ ውስጥ እርስ በርስ መደማመጥን ለራሳቸው ተማሩ። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ከአንድ ሸምበቆ የተቆረጡ ሁለት ዋሽንቶችን የየትኛው ወገን ዘንግ ነው ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መለኪያውን ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ የቀረ ነው። ሁልጊዜ ያወጣው ትልቁ እጅ ነበረ፤ የተለጠጡትም ትንንሾቹ ጣቶች ነበሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአካባቢው ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ሲያቋቁም፣ መምህራኑ ያን የጥንት ዋሽንት ነፊ አስታወሱት። ሽበት በቅሎበት ነበር፤ ልጆቹም «አባባ» አሉት። ክበቡ አንድ ኦርጋን በተውሶ አግኝቷል፤ ሁለት ከበሮና አንድ ክራር አለው። ዋሽንት የያዙ ልጆችም ነበሩ። አንዳንዶቹ ሸምበቆ፣ አንዳንዶቹ ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ የተቆረጠ ይዘው መጡ። አብረው ሲነፉ ከአርባ ዓመት በፊት ከዋርካው ሥር የተሰማው ድምፅ ተሰማ። መምህሩ ልጆቹ በኦርጋኑ ድምፅ እንዲስተካከሉ አሰበ። ሰውየው ግን ኦርጋኑን ለጊዜው እንዲያጠፋው ለመነውና ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ እጃቸውን እንዲዘረጉ አዘዘ። እየዞረ መዳፋቸውን ተመለከተ። ከሁሉ ያነሰች እጅ ያላትን አንዲት ልጅ መርጦ፣ የእሷን ክንድና የእሷን ጣት በሸምበቆው ላይ አስለካ። የሁሉንም ዋሽንት በዚያ መለኪያ ቆረጠ።

መምህሩ ምክንያቱን ጠየቀው። ትልቅ ጣት በጠባብ ቦታ ተጨናንቆም ቢሆን እንደሚሠራ፣ ትንሽ ጣት ግን እንደማይረዝም መለሰለት። ዋሽንቶቹም አጫጭር ስለሆኑ ድምፃቸው ቀጠነ፤ የቀጠነውም ድምፅ ከልጆቹ የዘፈን ድምፅ ጋር ሳይታገል ገጠመ። ትልልቆቹ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ጣታቸው እየተደራረበ ተቸገሩ፤ አንዱም ተቆጥቶ ዋሽንቱን ጥሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ይህም ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ክበቡም ቆመ። ኦርጋኑ ለባለቤቱ ተመለሰ። ከበሮዎቹና ክራሩ ግን መጋዘን አልገቡም፤ ሰውየው መጋዘን ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበርና ለሦስት ቤተሰቦች አከፋፍሎ ሰጠ። ዋሽንቶቹ ከየልጆቹ ጋር ወደ የቤታቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ልጆች ከብት ወደ መጠበቅ ተመለሱ። ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ዋሽንት መንፋቱ ካሣ አይሆነውም፤ ይህን ማንም አይስተውም። ሆኖም በዚያ መስክ ሁለት እረኞች ሲገናኙ ዋሽንቶቻቸው መጀመሪያውኑ ይስማማሉ፤ በአንዲት ትንሽ እጅ ተለክተዋልና።

ልጅቱ አንድ ቀን ወደ ሰውየው ቤት መልእክት ይዛ መጣች። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጠቆረ ዋሽንት አይታ አወረደችውና ጣቶቿን በቀዳዳዎቹ ላይ ለማድረስ ሞከረች። አራተኛው ቀዳዳ ላይ አልደረሰችም።

«አባባ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አለችው።

ሰውየው ዋሽንቱን ከእጇ ተቀብሎ ጢሱን በጋቢው ጠረገለት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለ።

«የአያ እጅ ነው» አላት።